መተማ ዮሐንስ፤ ግንብ ያልቀረላት የገበያ ከተማ

የአንድ አሮጌ ከተማ ቅርስ ሲነሣ በመጀመሪያ በዐይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሕንጻ ነው። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር፣ በአሜሪካ ሎዌል የሚባሉት የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች መዘውሮቻቸው ጸጥ ካሉ በኋላ እንኳ የጡብ ግድግዳቸውና ረጅሙ የጭስ መውጫቸው ቆሞላቸዋል። የሎዌል አሮጌ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ያለ የታሪክ ፓርክ አካል ሆነዋል። በአገራችንም በጣሊያን የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከእርሱም የሚቀድመው የድሬዳዋው፣ የከተሞቹን ታሪክ በግድግዳቸው ሊናገሩ ይችላሉ። ከፋብሪካ ዘመን በፊት የነበረች፣ ጥጡ በእንዝርት ሲፈተልና በሸማኔ ጉድጓድ ሲሠራ በነበረበት ጊዜ የለማች፣ ነገር ግን ግንብም ጭስ መውጫም ያልቀረላት ከተማ ግን ቅርሷ ምንድን ነው? በምንስ ይታወቃል?

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው እንዲህ ባለች አንዲት ከተማ ላይ ነው። መተማ ዮሐንስን ብዙዎቻችን የምናውቃት በአንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የቆሰሉበት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ሊዘነጋ የማይገባው ቢሆንም፣ ከእርሱ በፊት የነበረውን ረጅም የገበያ ዘመንና ከእርሱ ወዲህ ያለውን የበር ታሪክ ጋርዶብናል። የሙያ ባልደረቦቻችን ስለ ግንባታና ስለ ከተማ ሲያስቡ፣ ከተማን ከተማ የሚያሰኘው ሕንጻው ብቻ እንዳልሆነ መተማ ታስተምረናለች።

ስፍራውና ስሙ

መተማ ዮሐንስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሱዳን ወሰን ላይ የተቆረቆረች የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተማ ናት። ከጎንደር የሚነሣ መንገደኛ አዘዞን አልፎ በጭልጋ አድርጎ አይከል ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ደጋው እየተናደ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ነጋዴ ባሕር የሚባል ስፍራ ያገኛል። ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ በዚህ መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ ያለፈው ነጋዴ እንደ ነበረ ይነግረናል። ከዚያም ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ መተማ ይገባል። ከከተማዋ ጫፍ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ፤ በዚያ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ሲያልቅ ያለው ከተማ ጋላባት ይባላል፤ አገሩም ሱዳን ነው።

ስሙ ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር፣ ከሸንዲ ከተማ ፊት ለፊት፣ መተማ የምትባል ሌላ ከተማ አለች። ጎርዶንን ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1885 የደረሰባት መተማ ያችኛዋ እንጂ የኛዪቱ አይደለችም። በውጭ አገር ጸሐፊዎች መጻሕፍት ውስጥ የኛዪቱ መተማ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠራው «ጋላባት» እየተባለች ነው፤ ስሙም ነጋዴ ከሚል የዐረብኛ ቃል የተገኘ ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ሁለቱ ከተሞች አንድ ገበያ ነበሩና ሁለት ስም ያስፈለጋቸው ወሰን ከተሰመረ በኋላ ነው።

የቅፍለት ዘመን

ገበያውን ካቆሙት ሕዝቦች ዋነኞቹ ተክሩሪ የሚባሉት ሙስሊሞች ናቸው። አባቶቻቸው ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ ምድር ለሐጅ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚህ ቆላ ቀርተው ሰፈሩ። መሬቱን አርሰው ማሽላና ጥጥ አበቀሉበት፤ ገበያውንም አቀኑ። አለቃቸው ሼክ እየተባለ ሲገዛ፣ ለሁለት ጌታ ግብር ይከፍል ነበር፤ አንዱን ለጎንደር ቤተ መንግሥት፣ ሁለተኛውን ሱዳንን ለያዘው የግብፅ መንግሥት። ይህ ነገር በዛሬ አስተያየት ድካም ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ገበያው እንዳይዘጋ የተከፈለ ዋጋ ነበር።

በሚያዝያ 1854 ዓ.ም. በዚህ ያለፈው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር የሼክ ጁማን አገርና ገበያውን አይቶ ጽፏል። በኅዳር 1858 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በር ነው። ከምጽዋ የሚመጣው መንገድ የቀይ ባሕርን በር ሲከፍት፣ የመተማው መንገድ የዓባይን ሸለቆ በር ይከፍት ነበርና፣ ጎንደር በዋና ከተማነቷ ዘመን በሁለቱ ሳንባ ትተነፍስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከደጋው የሚወርደው ቅፍለት ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ የሚመለሰው ደግሞ የውጭ አገር ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ኩልና ሽቱ ጭኖ ይወጣል። መገበያያው ጠገራው የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። በመንገድ ላይ በወህኒና በጭልጋ ኬላ ነበር፤ ነጋድራሱ ቀረጡን ያስከፍላል፣ ከነጋዴውም መካከል የተጣላውን ይዳኛል። ከቆላው የሚወጣው ጥጥ ወደ ደጋው ሲደርስ የጎንደር ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔውም ኩታና ጋቢ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንድ የጎንደር ኩታ ውስጥ የመተማ ቆላ ላብ አለበት። ማንቸስተር ጥጧን ከባሕር ማዶ እንዳመጣች ሁሉ፣ የጎንደር ሸማኔም ጥጡን ከበታቹ ካለው ቆላ ያስመጣ ነበር። ልዩነቱ የኛው ፋብሪካ ጣሪያ የለሽና በየጓዳው የተበተነ መሆኑ ነው።

ይህን ስንጽፍ አንድ የሚያሳፍር እውነት መሸሽ አይገባንም። በመተማ ገበያ ከሰሙና ከቡናው ጎን ሰው ይሸጥ ነበር። ከምዕራቡና ከደቡቡ የኢትዮጵያ ምድር የተፈነገሉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ አልፈው ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ዐረብ አገር ተሽጠዋል። የአካባቢው ጉሙዝም በዚህ ንግድ ብዙ ልጆቹን አጥቷል። የገበያውን ብልጽግና የሚያወሳ ሁሉ ይህን አብሮ ካላወሳ፣ ሚዛኑን በአንድ እጁ ተጭኖ እንደሚመዝን ነጋዴ ይሆናል።

ጦር በገበያ ላይ

በር የሆነ ስፍራ ለነጋዴ እንደሚመች ለጦርም ይመቻል። ሙሐመድ ዓሊ ሱዳንን ከያዘ በኋላ የግብፅ ጦር ወደ ቆላው መግፋት ሲጀምር፣ የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በወድ ከልታቡ ድል ነሡት። በ1840 ዓ.ም. ደግሞ በአጎራባቹ በቋራ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። መድፍና ሥልጡን ወታደር ምን ማለት እንደ ሆነ ያስተማረው ያ ቀን ነው። በመቅደላ ስለ ተደመደመው የመድፍ ምኞቱ ስንናገር መጀመሪያው በዚህ ቆላ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

የማህዲ ንቅናቄ በሱዳን ሲነሣ ግብፆች በየምሽጉ ተከበቡ። በ1876 ዓ.ም. በዓድዋ በእንግሊዝ፣ በግብፅና በዐፄ ዮሐንስ መካከል በተፈረመው ውል መሠረት፣ ኢትዮጵያ የተከበቡትን ወታደሮች በአገሯ አሳልፋ ወደ ምጽዋ ለመላክ ተስማማች። በጋላባት የነበሩትም በዚሁ ወጡ። ከዚያ በኋላ ግን የድርቡሽ ጠላትነት በኢትዮጵያ ላይ ሆነ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የድርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ። በዓመቱ በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ድል አደረጋቸውና ጎንደር ገብቶ ከተማዪቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ቅፍለቱ ወርዶ ይሸጥበት በነበረው መንገድ እሳት ወጣበት።

ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ጊዜ በሦስት ወገን ተይዘው ነበር፤ ጣሊያን በምጽዋ፣ ድርቡሽ በመተማ፣ በመካከል ደግሞ ከሸዋና ከጎጃም ጋር የተፈጠረው አለመግባባት። ጦራቸውን ወደ መተማ አዞሩ። አቡ አንጃ ከጥቂት ሳምንት በፊት ታሞ ሞቶ ስለነበር፣ በእርሱ ፋንታ ዘኪ ጠመል ሰፊ የእሾህ አጥር አጥሮና ምሽግ ቆፍሮ ጠበቀ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም በእጁ የገባ መሰለ። በዚያው መካከል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ ሲሰማ ጦሩ መፈታት ጀመረ፤ ማግሥቱን ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው የሚመለሱትን ሰዎች ድርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደርሰውባቸው ነጠቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

የዚያ ቀን ዋጋ በመተማ ብቻ አልቀረም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 25 ቀን የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ከምጽዋ ወጥቶ ከረንንና አስመራን ያዘ። ድል አደረግሁ ያለው የድርቡሽ ጦርም አልተረፈም፤ ሱዳኖች «ሰነት ሲታ»፣ ማለት ስድስተኛው ዓመት፣ ብለው የሚጠሩት ረሃብ በመተማ ሰፈሩን ፈጀው። በኢትዮጵያም ያው ዘመን ክፉ ቀን ይባላል። የተዋጉት ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ረሃብ አለቁ። ገበያ ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቆረጥና እርሻ ሲቃጠል የሚመጣው ይኸው መሆኑን ከመተማ የተሻለ ሊያስተምር የሚችል ስፍራ ጥቂት ነው።

ወሰኑና ድልድዩ

የማህዲ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ተወሰነ። መስመሩን በምድር ላይ ያሰመረው እንግሊዛዊው መኰንን ቻርልስ ጉዊን ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ ገበያ ለሁለት ተከፈለ፤ ጋላባት ለሱዳን ሆነ፣ መተማም ለኢትዮጵያ ቀረች። ለቅየሳ ባለሙያዎቻችን ይህ ጉዳይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በካርታ ላይ የተሰመረ አንድ መስመር፣ ከሩቅ ሆኖ የሚያሰምረው ሰው የማያየውን የዘመድና የደንበኛ ክር ይቆርጣል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጦርነት የሁለቱን ከተሞች ጉርብትና እንደገና የጦር ሜዳ አደረገው። ጣሊያን ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጋላባትን ከእንግሊዞች ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊልያም ስሊም በሚያዝዘው የሕንድ ብርጌድ ማጥቃት ተጀመረ። ጋላባት ተመለሰ፣ ነገር ግን ታንኮቹ በድንጋዩ ላይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ስለ ቆሙ መተማ ሳትያዝ ቀረች። ጥር 23 ቀን ግን ጣሊያኖች መተማን ለቀው ወደ ጎንደር ማፈግፈግ ጀመሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ወሰን ከተሻገሩ ገና ዐሥራ አንድ ቀን ነበር። የሸሸው ጦር መንገዱን በፈንጂ ስለ ሞላው፣ ፕረሚንድራ ሲንግ ብሃጋት የሚባል ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኰንን ለአራት ቀን ያህል ሳያርፍ ዐሥራ አምስት የፈንጂ መስክ ጠረገ። ስለዚህም የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ተሸለመ። የመሐንዲስን ሙያ የምናከብር ሁሉ በዚያ መንገድ ስንጓዝ ይህን ሰው ልናስበው ይገባል።

ከዚያ በኋላም በሩ አላረፈም። በ1969 ዓ.ም. መተማ በኢዲዩ ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ከጦርነትና ከረሃብ የሸሸ ብዙ ሺህ ሕዝብ፣ ከመካከሉም ቤተ እስራኤላውያን፣ በዚህ ቆላ እያቋረጡ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ደግሞ ጉዞው ተገላበጠ። አሥር ሺዎች ሱዳናውያንና የሌላ አገር ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ በመተማ በር ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ትናንት ስደተኛውን ልኮ የነበረ ድልድይ ዛሬ ስደተኛ ተቀበለ። የከተማዪቱ ሰው ግን በዚያን ጊዜ የራሱም ሰላም አልሞላለትም ነበር።

ለጎብኚ ያላት

ጸጥታ በሰፈነበትና መንገዱ በተከፈተ ጊዜ፣ መተማ ለሚጎበኛት ሰው የምታሳየው ጥቂት አይደለም። ክረምቱ አልፎ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጉዞ ይመረጣል። ከመጋቢት በኋላ ፀሐዩ ደገኛውን አያስቀምጠውም።

መጀመሪያ የሚታየው መንገዱ ራሱ ነው። የዛሬው አስፋልት በአመዛኙ የሚከተለው ጥንታዊውን የጎንደርና የመተማ የንግድ መሥመር ነው። ከጭልጋ ከፍታ ወደ ቆላው ሲወረድ ቅፍለቱ ለምን በዚህ እንዳለፈ ያለ አስረጂ ይገባል።

ሁለተኛው ገበያው ነው። የቡናውና የዝባዱ ንግድ አልፎ በምትኩ ሰሊጥ ነግሧል። ሰሊጡ ገና ሳይከፈት ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ከዚያ ይራገፋል። አንድ ሳምንት ከዘገየ ፍሬው መሬት ይወርዳልና በአጨዳ ወራት «ሳሉግ» የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ከደጋው በብዛት ይጎርፋሉ። የማህበራችን አንባቢ የሰሊጡን ዋጋ በምርት ገበያ ሰሌዳ ላይ ሲያይ፣ ከበስተጀርባው ወባንና ካላዛርን እየተጋፈጠ የሚያጭድ ሰው እንዳለ ማሰብ አለበት። ከሰሊጡ ጋር ጥጥና ማሽላ አለ፤ በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ደግሞ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ዕጣኑ የሚገኘው የዛፉ ልጥ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እየተፋቀ ነው። ፍቀቱ ከበዛ ዛፉ ይዳከማል፣ ዘርም ያጣል። በቤተ ክርስቲያናችን የሚጤሰውና በየቤቱ ከቡና ጋር የሚታጠነው ዕጣን ከፊሉ ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ተፈጥሮው ነው። ወደ ደቡብ በቋራ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተከለለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋርም ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. የዱር አራዊት ተመራማሪዎች በዚያ አንበሳ መኖሩን በካሜራ አረጋግጠው ለዓለም አስታወቁ። እኛ ሽንፋ የምንለው ወንዝ በሱዳን ራሃድ፣ ጓንግ የምንለውም ወርዶ አትባራ ይባላል። ውኃው ስሙን ለውጦ ያለ ፓስፖርት ይሻገራል።

አራተኛውና ዋነኛው ግን ድልድዩ ነው። በወንዙ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው በኩል ዐረብኛ ይሰማል። በመካከል ግን ሁለቱንም የሚናገረውን ነጋዴ ያገኛል። ሙዚየም ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ የለም፤ የተክሩሪው ገበያ ሕያው ሆኖ የቀረው በዚህ ሰው አንደበት ነውና።

ከኛ የሚጠበቅ

ችግሩ ይህ ቅርስ በሩ በተዘጋ ቁጥር መሞቱ ነው። የሎዌል ፋብሪካ ሥራ ቢያቆምም ግድግዳው ቆሞ ጠባቂ ይጠብቃል። የመተማ ገበያ ግን ሲበተን የሚበተነው ሰው ነው። ነጋዴው ወደ ጎንደር ይሸሻል፣ ሽማግሌው በየዘመዱ ይጠጋል፣ ልጁ የአባቱን ዐረብኛ ሳይማር ያድጋል። በቅርብ ዓመታት በሁለቱ አገሮች ግጭት ምክንያት በሩ በተደጋጋሚ ሲዘጋና ሲከፈት የታየው ይኸው ነው። ድንጋይ የሌለው ቅርስ ከድንጋዩ ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል።

ስለዚህ ለመተማ የሚያስፈልገው ቅድሚያ ሐውልት አይመስለኝም። ሐውልት ቢቆም መልካም ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በከተማዪቱ ላይ እንዳለ ሁሉ መታሰቢያቸውም ይገባታል። ነገር ግን ሐውልቱ መጋቢት 1 ቀንን ብቻ የሚያስታውስ ከሆነ ያንኑ አንድ ቀን በድንጋይ ማጽናት ይሆናል። ቀያሾቻችን የቅፍለቱን መንገድ፣ የኬላዎቹን ስፍራ፣ የ1881 ዓ.ም. የጦር ሜዳና የ1933 ዓ.ም. ምሽጎችን በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ፣ በየከተማው ያሉ ባልደረቦቻችንም በስደት ከወጡት አሮጌ ነጋዴዎች አንደበት ስለ ገበያው የሚያውቁትን ቢመዘግቡ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ዳሩ ግን ከጊዜ ጋር የሚሽቀዳደም ሥራ ይሆናል።

የተክሩሪው ሼክ ለሁለት መንግሥት ግብር ሲከፍል የገዛው ነገር አንድ ነበር፤ የበሩ መከፈት። የድርቡሽ ዘመን ደግሞ በሩ ሲዘጋ የሚከፈለው ዋጋ ከግብሩ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ አሳይቷል። የመተማን ቅርስ ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠበቅ ያለበት ድልድዩን ነው፤ የገበያው ሰው ተመልሶ የሚሰበሰበው ድልድዩ ክፍት ሲሆን ነውና።